ባለ ፓምፕ የአደን ጠመንጃ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትማችን በፔንስልቬንያ ስለሚካሄደው የአጋዘን አደን ካተምነው ጽሑፍ በኋላ፣ በዚያው ግዛት እንዲሁም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን በርካታ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት የፊት እጀታው ወደ ኋላ ተስቦ ወደ ፊት ሲገፋ ስለሚቀባበለው፣ በተለምዶ ፓምፕ አክሽን ስለሚባለው ጠመንጃ ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን ከዚህ በታች መልሰናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአንዱ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች ስለ አደን ሲያወሩ ከአባታቸው ወይም ከአያታቸው የወረሱትን፣ ሬሚንግተን የተባለው የጠመንጃ ኩባንያ የሠራውን ፓምፕ ነው የሚያነሡት። ሱቅ ስገባ ግን የማየው ሁሉ ቦልት አክሽን፣ ማለትም መዝጊያው በእጅ እየተሳበና እየተገፋ የሚቀባበለው ነው። ፓምፑ በዚህ አገር ይህን ያህል የተወደደበት ምክንያት ምንድን ነው? ለጀማሪስ ይሆናል? (ከላንካስተር፣ ፔንስልቬንያ)

መልስ፦ ምክንያቱ ሕግም ልማድም ነው። ፔንስልቬንያ አጋዘንን፣ ድብንና ኤልክን የመሳሰሉ ትልልቅ የዱር እንስሳት ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ራሱን በሚያቀባብል ጠመንጃ እንዳይታደኑ ለረጅም ዘመን ከልክላ ኖራለች። በ2017 ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ ለትንንሽ እንስሳት ሲፈቀድ እንኳ ለትልልቆቹ የነበረው ክልከላ ባለበት ጸንቷል። በመሆኑም የመጀመሪያው ጥይት ቢስት ወይም እንስሳውን ቢያቆስል ሁለተኛውን ቶሎ ለመድገም የሚፈልግ የዚያ አገር አዳኝ፣ በሕግ ከተፈቀዱለት ፈጣን መሣሪያዎች አንዱ ፓምፕ ሆኖ አገኘው። በላንካስተር አካባቢ በቀልድ «የአሚሽ መትረየስ» ሲሉት ሰምተው ይሆናል፤ አሚሾች በዚያ አካባቢ ከዘመናዊ ማሽን ርቀው የሚኖሩ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ናቸውና፣ ቀልዱ የሚወለደው ከዚሁ በእጅ ከሚገኘው ፍጥነቱ ነው።

ሬሚንግተን ለትልልቅ እንስሳት የሚሆነውን የመጀመሪያ ፓምፕ ጠመንጃ፣ ሞዴል 14 የተባለውን፣ ያወጣው በ1912 ነው። በዚያ ጠመንጃ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ በተርታ ይቀመጡ ስለ ነበር፣ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን መለኮሻ እንዳይነካ ቱቦው ጠመዝማዛ ተደርጎ ተሠርቶ ነበር። በ1952 የወጣው ሞዴል 760 ግን ቱቦውን ትቶ አራት ጥይት የሚይዝ ተነቃይ ካዝና ይዞ መጣ፤ በዚህም እንደ 30-06 ያሉትን ጉልበተኛና ሹል ጥይቶች ያለ ሥጋት መጠቀም ተቻለ። በ1981 ቦታውን የተካው ሞዴል 7600 በመሠረቱ ያው ነው፤ ዋናው ልዩነት በመዝጊያው ብረት ራስ ላይ የነበሩት 14 ትንንሽ የመቆለፊያ ጥርሶች በ4 ትልልቅ ጥርሶች መተካታቸው ነው። በሁለቱም ሞዴሎች መዝጊያው ተሽከርክሮ ከአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ጋር ስለሚቆለፍ፣ ፓምፕ ከቦልት አክሽን በጥንካሬ ያነሰ ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። በበረዶ ላይ የአጋዘን ዱካ በመከተል ስማቸው የገነነው የቨርሞንቱ ላሪ ቤኖይትና ልጆቹ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ 760 ይዘው መዞራቸውም ለጠመንጃው ዝና ብዙ ጨምሮለታል።

ለጀማሪ ይሆናል ወይ ላሉት፣ መልሱ በሚያድኑበት ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው። ከእርሻ ዳር ተቀምጠው ሁለት መቶ ያርድና ከዚያ በላይ የሚተኩሱ ከሆነ፣ አዲስ ቦልት አክሽን በአነስተኛ ዋጋ ያገኛሉ፤ ኢላማውም በአብዛኛው ይበልጥ የረጋ ነው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ እንስሳውም ከሃምሳ ያርድ በድንገት የሚነሣ ከሆነ ግን እጅዎ ከእጀታው ሳይነሣ፣ ዓይንዎም ከማነጣጠሪያው ሳይነቀል የሚቀባበል ጠመንጃ ትልቅ ጥቅም አለው። በተለይ ግራኝ ለሆነ ሰው፣ ለቀኝ እጅ ሰው የተሠራውን ቦልት በተቃራኒ እጅ ከመፈለግ ያድነዋል። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። ኩባንያው በ2018 ከከሰረ በኋላ በ2020 ዳግም ከስሮ ንብረቱ ለተለያዩ ገዢዎች ተሸጧል፤ በኒው ዮርክ ግዛት ኢሊየን ከተማ የነበረው አንጋፋው ፋብሪካም በ2024 ተዘግቷል። ስለዚህ እርስዎ የሚፈልጉት፣ በእውነቱ፣ ያገለገለ ጠመንጃ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ፔንስልቬንያ ያለው የአጎቴ ልጅ ሞዴል 760 ጠመንጃውን ሊሸጥልኝ ፈቅዷል፤ «መጥተህ ውሰደው፣ ገንዘቡን ቀስ ብለህ ትሰጠኛለህ» ብሎኛል። ሄጄ ብወስደው ችግር አለው? ከመግዛቴ በፊትስ ምን ምኑን ልመልከት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ችግር አለው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው በሌላ ግዛት ለሚኖር ሰው የጦር መሣሪያ በቀጥታ መሸጥም ሆነ በስጦታ ማስተላለፍ አይችልም፤ ዝምድና ይህን ክልከላ አያነሣውም። መንገዱ ፈቃድ ባለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ በኩል ማለፍ ነው። ጠመንጃው ለነጋዴው ይሰጣል፣ እርስዎ ቅጽ 4473 የተባለውን ሞልተው ይፈርማሉ፣ ነጋዴው ስምዎን በፌዴራሉ የምርመራ ሥርዓት ያጣራል፣ ከዚያ በኋላ ይረከባሉ። ለዚህ አገልግሎት የሚከፈለው ገንዘብ ከጠበቃ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም። ሜሪላንድ ደግሞ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የረጅም ጠመንጃ ሽያጭ በግዛቱ ውስጥ ሲሆንም እንኳ በነጋዴ በኩል እንዲጣራ ታዛለች። የአጎትዎ ልጅ በአደን ወቅት ጠመንጃውን ለጥቂት ቀን ቢያውስዎት ግን፣ መሣሪያ መያዝ ያልተከለከሉ እስከሆኑ ድረስ፣ ለሕጋዊ ስፖርት የሚደረግ ጊዜያዊ ውሰት በፌዴራሉ ሕግ የተፈቀደ ነው። እኔ ብሆን ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት አንድ ወቅት በውሰት ሞክሬ አየው ነበር።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በእኛ ዘንድ እንደ ቀላል የሚታይ ሌላ ጉዳይ አለ። ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለት ወይም ማጣራቱን የማያልፍ ወዳጅ «በስምህ ግዛልኝ፣ ብሩን እኔ እሰጥሃለሁ» ቢልዎት እሺ እንዳይሉ። ቅጹ የሚጠይቀው እውነተኛው ገዢ እርስዎ መሆንዎን ነው፤ ለሌላ ሰው እየገዙ «እኔ ነኝ» ብሎ መፈረም ወንጀል ነው፤ በ2022 በወጣው ሕግ ለሌላ ሰው በሽፋንነት መግዛት እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ይሉኝታ ብዙ ነገር ያስችላል፤ ይህን ግን አያስችልም።

መርማሪ ዓይንዎን ወደ ጠመንጃው ሲያዞሩ፣ በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። በፓምፕ ጠመንጃ ካዝናው መነቀሉ ጠመንጃው ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ጥይት ጎርሶ ተቀባብሎ ሊሆን ይችላል። ሴፍቲው እንደተያዘ፣ አፈሙዙ ወደማያሰጋ አቅጣጫ ዞሮ፣ ካዝናው ይነቀላል፤ ከዚያ የመክፈቻዋ ቁልፍ ተጭና የፊት እጀታው እስከ መጨረሻው ይሳባል፤ ጎሬው (ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል) በዓይንም በጣትም ይታያል። ከዚህ በኋላ በትንሽ ባትሪ አፈሙዙን በውስጥ ይመልከቱ። በውስጡ የተቀረጹት ጥምዝ መስመሮች ስል መሆናቸውን፣ በተለይም ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ዝገት ያልበላው መሆኑን ያጣሩ። ይህን አጥብቄ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፓምፕ የተተኮሰውን ቀለህ የሚያወጣበት ጉልበት ቦልት አክሽንን አያህልም፤ ጎሬው በዝገት ከተቦረቦረ ቀለሁ ይጣበቃል፣ እጀታው አልንቀሳቀስ ይላል፣ አዳኙም አጋዘኑ እያየው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ሲታገል ይገኛል። ዝናብ ላይ ውሎ ሳይወለወል ማዕዘን ላይ የከረመ ጠመንጃ ሁሉ የዚህ ሕመም ተጠርጣሪ ነው።

የአፈሙዙን ጫፍም ይመልከቱ፤ በኋላ ስለ ጽዳት በምናነሣው ምክንያት፣ በዚህ ጠመንጃ ላይ ጫፉ ቶሎ የሚጎዳ ቦታ ነው። ለመለማመጃ በተሠራ፣ ባሩድ በሌለው ጥይት ካዝናውን ሞልተው አራቱንም እየሳቡ ያስወጡ፤ አንዱ እንኳ ከተሰነቀረ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካዝናው ነው። ደህና ካዝና በቀላሉ አይገኝምና ተጨማሪ ካዝና አብሮ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው ቢጨምርም ይውሰዱት። ዕድሜው የገፋ ጠመንጃ ከሆነ፣ ከመተኮስዎ በፊት የመዝጊያውንና የጎሬውን ክፍተት የጠመንጃ ባለሙያ በመለኪያ እንዲያየው ያድርጉ።

ለሜሪላንድ ነዋሪ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እርስዎ ባሉበት በሞንትጎመሪም ሆነ በጎረቤትዎ በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ አጋዘን በዚህ ዓይነት ጠመንጃ አይታደንም። ስለዚህ የሚገዙት ጠመንጃ የሚያገለግልዎት ወደተፈቀደባቸው አውራጃዎች፣ ለምሳሌ ወደ ምዕራብ እስከ አሌጋኒና ጋሬት፣ ከተጓዙ ወይም ድንበሩን ተሻግረው ከፔንስልቬንያ የእንግዳ አዳኝ ፈቃድ ካወጡ ነው።

ጥያቄ፦ በተማሪ ቪዛ የምኖር ነኝ። ጓደኞቼ «ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ጠመንጃ መንካት አይችልም» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። ቋሚ ነዋሪ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ያለው ሰው፣ የመኖሪያ ቁጥሩን በቅጹ ላይ አስፍሮ እንደ ዜጋው ሊገዛ ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሥራ ቪዛ የገባ ሰው ግን መግዛቱም ሆነ መያዙ በመሠረቱ የተከለከለ ነው። ከዚህ ክልከላ ነጻ ከሚያደርጉት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ከአሜሪካ ግዛቶች በአንዱ የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈበት የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ያለ ፈቃድ በአገሪቱ የሚኖር ሰው ይህ ልዩ ሁኔታ አይመለከተውም። የአደን ፈቃድዎ ጊዜው ባለፈ ማግስት ጠመንጃው ቤትዎ ካለ ሕግ ተላላፊ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስቡ፤ የጦር መሣሪያ ጥፋት ደግሞ በስደተኞች ሕግ ከአገር ሊያስወጣ የሚችል ነው። በዚህ ምክንያት፣ በሕግ ቢፈቀድልዎት እንኳ፣ መኖሪያዎ እስኪጸና ድረስ ባይገዙ እመክራለሁ፤ ከወሰኑም አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ በ243፣ በ270፣ በ308፣ በ30-06 እና በ35 ዌለን የጥይት ዓይነቶች የተሠሩ ፓምፖች አይቻለሁ። ሻጩ ትልቁን ውሰድ ይለኛል። ለአጋዘን የትኛው ነው የሚበቃው? አንድ ቀን ድብም ላድን እችላለሁ። (ከሃሪስበርግ፣ ፔንስልቬንያ)

መልስ፦ ለነጭ ጭራ አጋዘን 308 ወይም 30-06 ከበቂ በላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንስሳው አያውቀውም፣ የተኳሹ ትከሻ ግን ያውቀዋል። ርግጫ የሚፈራ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ደግሞ በየትኛውም ጥይት ይስታል። ስለዚህ ለጀማሪ በ308 ባለ 150 ግሬን ጥይት እንዲጀምር እመክራለሁ (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው)። 243 ለስላሳ ነው፣ ለአጋዘንም የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ጥይቱ ትንሽ ስለሆነ የሚመታበትን ቦታ በጥንቃቄ ለሚመርጥ ሰው ነው የሚሆነው። ድብ ካሰቡ 30-06 ከ180 ግሬን ጥይት ጋር ያሟላልዎታል። 35 ዌለን ግሩም ጥይት ነው፤ ሆኖም ዋጋው ውድ፣ በየሱቁም የማይገኝ ነው። የድብ ሥጋ በእኛ በአብዛኞቻችን ቤት ድስት እንደማይገባ እያወቅን ለድብ ተብሎ በተሠራ ጥይት ትከሻን ማድቀቅ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ትርፉ አይታየኝም።

ጠመንጃው የተሠራበትን የጥይት ዓይነት የሻጩን ቃል አምነው ሳይሆን አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብበው ያረጋግጡ። በቅናሽ ስለተገኘ ብቻ ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተሸፈነ የወታደር ጥይት እንዳይገዙ፤ ይህ ዓይነቱ ሳይሰፋ በስቶ ስለሚያልፍ እንስሳውን አቁስሎ ይለቀዋል፣ ፔንስልቬንያም ለትልልቅ እንስሳት አትፈቅደውም። ወደ ቨርጂኒያ ለሚሻገር አዳኝ ደግሞ እዚያ ለአጋዘንና ለድብ የሚፈቀደው ስፋቱ ከ0.23 ኢንች የማያንስ ጥይት ስለሆነ በ223 የተሠራው ፓምፕ አያገለግልም።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ሞዴል 7600 ደህና ነው፤ ነገር ግን እንደ ልቤ ላደርገው እፈልጋለሁ። አፈሙዙን ማሳጠር፣ ቃታውን ማቅለል፣ ትልቅ መነጽር (አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) መግጠም፣ ሰደፉን መቀየር አስቤአለሁ። በየትኛው ልጀምር? (ከፒትስበርግ፣ ፔንስልቬንያ)

መልስ፦ እርስዎ የዘረዘሩትን ቅደም ተከተል ገልብጬ ብመልስልዎት ይሻላል፤ በመጨረሻ ያነሡት ሰደፍ መጀመሪያ ሊታሰብበት የሚገባው ነውና።

ፓምፕ ጠመንጃ ጥቅሙ ፍጥነቱ ከሆነ፣ ፍጥነቱ የሚጀምረው ጠመንጃው ወደ ትከሻ ሲነሣ ዓይን ሳይፈልግ ማነጣጠሪያው ላይ ማረፉ ነው። ይህን ለመመርመር ለአደን የሚለብሱትን ወፍራም ካፖርትና ጓንት ይልበሱ። ባዶነቱን ያረጋገጡትን ጠመንጃ ይዘው ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ወደ ትከሻዎ ያንሡት፣ ከዚያ ዓይንዎን ይግለጡ። መነጽሩ ሙሉ ብርሃን ካሳየዎት ሰደፉ ተስማምቶዎታል። ጥቁር ጥላ ካዩ ወይም አንገትዎን ማስገግ ካስፈለገዎት አልተስማማዎትም። ከፋብሪካ የወጣው ሰደፍ ርዝመቱ ከ13 ኢንች ትንሽ ያልፋል፤ በሸሚዝ ሲለካ ልክ የሆነው በኅዳር ብርድ በካፖርት ላይ ይረዝማል። እጀ አጭር የሆነ ሰው ሰደፉን በባለሙያ ግማሽ ኢንች ያህል ማስቆረጥና ጫፉ ላይ ለስላሳ ጎማ ማስገጠም በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያገኝበታል። ጎማው ርግጫውንም ይቀንሳል። ከእንጨትና ከፕላስቲክ ሰደፍ የትኛው ይሻላል ለሚለው፣ ፕላስቲኩ እርጥበት አያሳብጠውም፤ እንጨቱ ደግሞ በብርድ ቀን ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ደስ ይላል፤ ከዚህ የዘለለ ክርክር የገበያ ወሬ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማነጣጠሪያው ነው። «ትልቅ መነጽር» ያሉትን ይተዉት። በጫካ ውስጥ በ9 እጥፍ አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ከአርባ ያርድ ላይ የሚያሳይዎት ፀጉር ብቻ ነው፤ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ እንኳ አይለዩም። ከ1.5 ወይም ከ2 እጥፍ የሚጀምር፣ ቀለል ያለ፣ ወደ ጠመንጃው ተጠግቶ ዝቅ ብሎ የሚታሰር መነጽር ይምረጡ፤ ሲንቀሳቀሱም ሁልጊዜ በዝቅተኛው ላይ ያድርጉት። በበረዶና በዝናብ ዱካ የሚከተሉ አዳኞች መነጽሩን ጨርሰው አውልቀው በጠመንጃው ጀርባ ላይ ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ያስገጥማሉ፤ ቤኖይቶች የታወቁበትም ይኸው ዓይነት ነው። ይህን ከመረጡ ግን የሰደፉን ከፍታ ያስቡበት። ብዙዎቹ 7600 ሰደፎች ለመነጽር ተብለው ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ከፍ ተደርጎ የተሠሩ ስለሆኑ ዝቅ ያለ ማነጣጠሪያ ለማየት ያስቸግራሉ። ምንም ይግጠሙ ምን፣ በመጀመሪያ በ25 ያርድ ወረቀቱን ማግኘቱን ያረጋግጡ፣ ከዚያ በ100 ያርድ ያስተካክሉ። በ100 ያርድ የተስተካከለ 30-06 በ200 ያርድ ወደ 4 ኢንች ገደማ ስለሚወርድ በፔንስልቬንያ ጫካ ውስጥ ሌላ ስሌት አያስፈልግዎትም።

ቃታውን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። የእነዚህ ጠመንጃዎች ቃታ ከበድ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ የቃታው ሙሉ ክፍል በሁለት ሽብልቆች ብቻ ተይዞ በቀላሉ ስለሚወጣም ሰው በቪዲዮ አይቶ ሞረድ እንዲያነሣ ይፈታተነዋል። አይንኩት። የሚሞረደው ጠርዝ የጠመንጃው መዶሻ የሚያርፍበት ነው፤ ከልክ በላይ ከተነካ ጠመንጃው እጀታው በኃይል ሲገፋ ወይም ሲወድቅ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። የሠለጠነ የጠመንጃ ባለሙያ ያስተካክልልዎ፤ እሱም ቢሆን ከ4 ፓውንድ በታች እንዳያወርደው ይንገሩት፤ በጓንት የተሸፈነና በብርድ የደነዘዘ ጣት ቀላል ቃታ መኖሩን ሳያውቅ ይስበዋልና።

ስለ አፈሙዝ ማሳጠር፣ የፌዴራሉ ሕግ የጠመንጃ አፈሙዝ ከ16 ኢንች፣ ሙሉ ርዝመቱም ከ26 ኢንች እንዳያንስ ያዛል፤ ከዚያ በታች የተቆረጠ ጠመንጃ አስቀድሞ ካልተመዘገበና ካልተፈቀደ በቀር መያዙ ብቻ ከባድ ወንጀል ነው። ሕጉን እንኳ ቢያከብሩ ያጠረ አፈሙዝ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፣ እሳቱም በምሽት ዓይን ያጨልማል። ፋብሪካው ራሱ 18.5 ኢንች ያለውን ካርቢን ሠርቷል፤ አጭር ጠመንጃ ከፈለጉ 22 ኢንቹን ሸጠው እሱን ይግዙ። የተቆረጠ አሮጌ ሬሚንግተን ደግሞ ለሰብሳቢዎች ያለው ዋጋ ይወድቃል። የልጅ ልጅ ሊወርሰው የሚችል ዕቃ ስለሆነ ይህም ይታሰብ።

ማንገቻ ይግጠሙለት፤ ነገር ግን የፊት እጀታው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ማንገቻው እንዳይጠላለፍ አስቀድመው ይሞክሩት። ከዚህ ውጭ ያሉት ጌጣጌጦች፣ የጥይት ኪስ፣ ባለ ቀለም እጀታ፣ የእጅ ባትሪ ማሰሪያ፣ ጠመንጃውን ከማክበድ በቀር ለአደኑ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ስራመድ የፊት እጀታው ይንቋቋል፤ አጋዘኑ ከእኔ በፊት ይሰማዋል። ደግሞም አፈሙዙን ከኋላ አስገብቼ ማጽዳት አቃተኝ። ተበላሽቶ ነው? (ከሬዲንግ፣ ፔንስልቬንያ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሁለቱም የሥሪቱ ባሕርይ ናቸው። እጀታው በቱቦ ላይ በነጻነት እንዲንሸራተት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጥቂት ይንቋቋል። ከእንጨቱና ከቱቦው መካከል ስስ ጨርቅ ወይም ቴፕ የሚለጥፉ አሉ፤ ይህ ግን የእጀታውን ጉዞ ካጠበበ ጠመንጃው ሳይቆለፍ ይቀራልና እኔ የምመርጠው ቀላሉን ነው፤ በሚራመዱበት ጊዜ የፊት እጀታውን በእጅዎ ወደ ፊት ጫን አድርገው ይያዙት፣ ድምፁ ይጠፋል።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ የጠመንጃው ጀርባ ዝግ ስለሆነ ዘንግ ከኋላ አይገባም። ከአፈሙዙ ጫፍ በኩል በዘንግ የሚያጸዳ ሰው ዘንጉ ጫፉን እየፈተገ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ ኢላማም ይበላሻል። ጨርቅ የሚታሰርበት ገመድ ከጎሬው በኩል አስገብቶ ወደ ፊት መሳብ የተሻለ ነው፤ ዘንግ መጠቀም ግድ ከሆነ ጫፉን የሚጠብቅ ማቀፊያ ይጠቀሙ። ከዝናብ ሲመለሱ ጠመንጃውን በቀጥታ ወደ ሞቃት ቤት አስገብተው በከረጢቱ ውስጥ አይተዉት፤ ላብ ያወጣል። አውጥተው ይወልውሉት፣ ጎሬውን ያድርቁት፣ ዘይቱንም ስስ ያድርጉት፤ ወፍራም ዘይት በብርድ እንደ ሙጫ ይረጋል።

ጥያቄ፦ አባቴ በጎጃም ገጠር ይኖራሉ፤ በወጣትነታቸው ስመ ጥር አዳኝ ነበሩ። ይህን ጠመንጃ ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ። በካርጎ ልልክላቸው እችላለሁ? (ከባልቲሞር፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይችሉም፤ እንዳይሞክሩትም። የአደን ጠመንጃም ቢሆን ከአሜሪካ ለማስወጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለጠመንጃ የተሠራው መነጽርና መለዋወጫውም በዚያው ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ፈትቶ በልብስ መካከል መላክ ጥፋቱን አይቀንሰውም። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ተቆጣጣሪው ተቋም ፈቃድ መሣሪያ ማስገባትንም መያዝንም ይከለክላል፤ ችግሩ የሚደርሰው ደግሞ እርስዎ ላይ ሳይሆን ካርጎውን ለመረከብ በሚሄዱት አባትዎ ላይ ነው። በአገር ቤት ያለው ሕጋዊ የስፖርት አደንም፣ የደጋ አጋዘንን ጨምሮ፣ የሚካሄደው በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ በተመደቡ የአደን ቀበሌዎችና በተመዘገቡ የአደን ድርጅቶች በኩል ብቻ ስለሆነ ጠመንጃው ቢደርሳቸው እንኳ በአካባቢያቸው የሚተኩሱበት ሕጋዊ አደን አይኖርም። አባትዎ ሊጠይቁዎት ወደዚህ ከመጡ ግን፣ የጎብኚ ቪዛ ለያዘ ሰው ከላይ የጠቀስነው የአደን ፈቃድ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ አጠገብዎ ቆመው ሲያድኑ ሊያዩዎትና ሊመክሩዎት የሚከለክላቸው የለም፤ ብርቱካናማውን የአደን ልብስ ማልበስዎን ብቻ አይርሱ።